ጭረት፣ ሁዻ እና አራት ነጥብ፦ ኪቦርዱ ላይ የሌለውን ፊደል ለመጻፍ የትኛው መንገድ ይሻልሃል?

የከተማችን የድሬዳዋ ስም በድሮው የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ጭረት አለው። «ድሬ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው የላቲኗ «ኢ» (E) አናቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የምትወጣ ትንሽ ጭረት ትሸከማለች። የአገራችንም ስም እንደዚያው ነው። ኢትዮጵያ በፈረንሳይኛ ስትጻፍ የመጀመሪያዋ ትልቋ «ኢ» ጭረት አላት። ስለዚህ ገና አድራሻው ላይ፣ ደብዳቤው ሳይጀመር፣ ኪቦርዱ ላይ የሌለ ፊደል እንፈልጋለን ማለት ነው።

እኔ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡሩም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር» የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ዛሬም ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ውክልና፣ የዕቃ ዝርዝርና የጡረታ ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። እሱን ሳልጨርስ ደግሞ የኦሮምኛ ማመልከቻ፣ የሶማልኛ ደብዳቤ፣ የአማርኛ ውል ይከተላል። አራት ቋንቋ፣ አንድ ኪቦርድ።

ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት የባለቤታቸውን የጡረታ ጉዳይ ሊያጽፉ መጡ። ሟች ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በድሮው የፈረንሳይኛ ወረቀት ላይ ስማቸው ሦስት ጭረት ነበረው። ለምሳሌ «ከበደ» የሚለውን ስም የድሮ ፈረንሳይኛ ጸሐፊዎች ሦስቱም «ኢ» ላይ ጭረት አድርገው ነው የሚጽፉት። ያለ ጭረት ከተጻፈ ፈረንሳይኛ አንባቢ መጨረሻውን ይውጠውና «ከብድ» ብሎ ያነበዋል። እኔ ጭረቱን ጌጥ መስሎኝ ተውኩት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው መጡ። «አንተ ልጅ፣ የባሌን ስም ቀይረህብኛል፤ ስሙ ከፋይሉ ጋር አይገጥምም ብለው መለሱኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ነገር በቁም ነገር ይዤዋለሁ።

የድሬ ሰው አንቱታ አይወድም፤ ስለዚህ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፤ «አንቺ»ም በውስጡ አለች። የላቲን ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፦ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኦ፣ ዩ።

ከመምረጥህ በፊት ሁለት ነገር ራስህን ጠይቅ። ኮምፒውተሩ የማን ነው? በቀንስ ስንት እንዲህ ዓይነት ፊደል ትጽፋለህ? የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አምስት ፊደል የሚጽፍና በራሱ ላፕቶፕ ሙሉ ቀን ፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ዓይነት መንገድ አያዋጣቸውም።

የሰው ኮምፒውተር ላይ፦ የአልት ቁጥሮች

ኢንተርኔት ቤት ወይም ወዳጅህ ቢሮ ገብተህ የምትጽፍ ከሆነ ሴቲንግ አትንካ። አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ፤ ኪቦርዱ ቀኝ ጫፍ ካለው የቁጥር ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ምታ፤ ከዚያ አልትን ልቀቅ። ፊደሉ ይወጣል። ወርድም ይሁን ኢሜይል፣ ዊንዶውስ ላይ ብዙውን ቦታ ይሠራል። የሚጫን ነገር የለም፤ ከአንተ በኋላ ለሚቀመጠው ሰው የሚበላሽም ነገር የለም።

በቃልህ ልትይዛቸው የሚገቡት ብዙ አይደሉም። ሽቅብ ጭረት ያላት ትንሿ ኢ 0233 ናት፤ ትልቋ 0201። ቁልቁል ጭረት ያላት ኢ 0232፤ ባርኔጣ የደፋችው 0234፤ ሁለት ነጥብ ያላት 0235። ቁልቁል ጭረት ያላት ኤ 0224፤ ከሥሯ ጅራት ያላት ሲ 0231፤ ቁልቁል ጭረት ያላት ዩ 0249፤ ባርኔጣ ያላት ኦ 0244። ኦ እና ኢ ተጣብቀው የሚጻፉባት ፊደል 0156 ናት፤ በፈረንሳይኛ «እህት» እና «ልብ» የሚሉት ቃላት ያለሷ አይጻፉም። ለአማርኛም የምንጠቀምባቸው ትምህርተ ጥቅሶች ( « ) እና ( » ) ደግሞ 0171 እና 0187 ናቸው።

የመጀመሪያዋን ዜሮ አትዝለላት። ያለ ዜሮ የሚሠራ ሌላ የቆየ ዝርዝር አለ፤ ሽቅብ ጭረት ያላት ኢ በሱ 130 ናት። 0233 ልትል 233 ከመታህ ግን ሌላ ፊደል ነው የሚወጣልህ። ከመጀመርህ በፊት ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑንና የቁጥር ሰሌዳውን የሚያሠራው ነም ሎክ መብራቱን እይ።

የዚህ መንገድ ችግሩ ላፕቶፕ ነው። ትንንሾቹ ላፕቶፖች የቀኝ የቁጥር ሰሌዳ የላቸውም፤ ከላይ በተርታ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ለዚህ አይሠሩም። ሰው ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እየመታ «እምቢ አለኝ» ሲለኝ ስንቴ ሰምቻለሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ይሸጣል፤ ግን ሥራህ በላፕቶፕ ከሆነ እሱን ከመግዛት ወደሚቀጥሉት መንገዶች ማለፍ ይሻላል።

ወርድ ውስጥ ብቻ ከሆነ ሥራህ

ወርድ የራሱ አቋራጭ አለው፤ ለኔ ለመያዝ በጣም ቀላሉ ይህ ነው። ምክንያቱም ቁልፉ ጭረቱን ይመስላል። ኮንትሮልን ይዘህ አፖስትሮፍን ( ' ) ንካ፤ ሁለቱንም ልቀቅ፤ ከዚያ ኢን ምታ። ሽቅብ ጭረት ያላት ኢ ትወጣለች። ትልቋን ከፈለግህ የመጨረሻዋን ኢ በሺፍት ምታ። ለቁልቁሉ ጭረት ከቁጥር 1 በስተግራ ያለውን ቁልፍ ( ` ) ተጠቀም። ለባርኔጣው ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6። ለሁለቱ ነጥብ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኮለን። ለባለ ጅራቷ ሲ ኮንትሮልና ኮማ፣ ከዚያ ሲ።

ላፕቶፕም ላይ ይሠራል። ግን ከወርድ ወጥተህ አሳሽ (ብራውዘር) ውስጥ የኦንላይን ፎርም ልትሞላ ስትል አብሮህ አይሄድም። ደብዳቤና ውል ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይበቃል፤ ለፎርም አይሆንም።

ዩኤስ ኢንተርናሽናል፦ ብዙ ሰው የሚመክረው፣ እኔ ለድሬ የማልመክረው

ስለዚህ ጉዳይ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚሰጥህ መልስ «ዩኤስ ኢንተርናሽናል የሚባለውን ኪቦርድ ጨምር» የሚል ነው። አሠራሩ ያምራል። ፊደሎቹ ሁሉ በለመድከው ቦታ ይቀራሉ። አፖስትሮፍን ስትመታ ምንም አይወጣም፤ ኪቦርዱ ይጠብቃል። ቀጥለህ ኢ ስትመታ ባለ ጭረቷ ትወጣለች። ወይም የቀኙን አልት ይዘህ ኢን ስትመታ በአንድ ጊዜ ትወጣለች። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

እኛ ጋ ግን ኦሮምኛ አለ። በቁቤ ሲጻፍ ሁዻ አለው፤ እሱም አፖስትሮፍ ነው። «ዛሬ» ለማለት «ሀርአ» ትላለህ፤ በላቲኑ ከመጨረሻዋ ኤ በፊት ሁዻ ይገባል። ዩኤስ ኢንተርናሽናል ላይ ሁዻውን መትተህ ኤን ስታስከትል ኪቦርዱ ሁለቱን ያጋባቸዋል። ሁዻው ይጠፋል፤ ኤዋ አናቷ ላይ ጭረት አብቅላ ትወጣለች። ቃሉ ተበላሸ ማለት ነው። ሶማልኛም ላይ ያው ነው። «ውሳኔ» እና «ጥያቄ» የሚሉት ቃላት በሶማልኛ መሐላቸው ላይ አፖስትሮፍ አላቸው፤ እነዚህ ሁለት ቃላት የሌሉበት የቢሮ ደብዳቤ ደግሞ ፈልገህ አታገኝም።

የሚያስቸግረው ነገር ስህተቱ መደበቁ ነው። እንግሊዝኛ ስትጽፍ ከአፖስትሮፍ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቲ ወይም ኤስ ስለሚመጣ ምንም አይበላሽም። ስለዚህ ኪቦርዱ ደህና ነው ብለህ ትቀጥላለህ። አንዴ ሦስት ገጽ የኦሮምኛ ውል አትሜ ለባለጉዳዩ ከሰጠሁ በኋላ ነው ያየሁት። ሁዻ ያለበት ቃል ሁሉ ጭረት ለብሷል። ገጽ በገጽ እያነበብኩ አረምኩት፤ ለወረቀቱም አላስከፈልኩትም።

መፍትሔ የለውም አልልም። ከአፖስትሮፉ ቀጥሎ ስፔስ ስትመታ አፖስትሮፉ ብቻውን ይወጣል። ግን በሁዻ የተሞላ ገጽ ላይ በየቃሉ ስፔስ መጨመር ጣትን ያደክማል፤ አንዱን መርሳትህም አይቀርም። ሌላም አለ። የይለፍ ቃልህ ውስጥ አፖስትሮፍ ወይም ትምህርተ ጥቅስ ካለ በዚህ ኪቦርድ ሌላ ነገር ሆኖ ሊገባና «የይለፍ ቃል ስህተት ነው» እየተባልክ ልትቆም ትችላለህ። በነጥቦች ተሸፍኖ ስለሚታይ ምን እንደተሳሳትክ እንኳ አታውቅም።

እውነተኛው የፈረንሳይ ኪቦርድ

ትምህርቱን በፈረንሳይኛ የተማረ ወይም ጅቡቲ የሠራ ሰው አዜርቲ የሚባለውን ለምዶት ይመጣል። ለለመደው ፈጣን ነው፤ ባለ ጭረቷ ኢ በ2 ቁጥር ቦታ ተቀምጣለች፤ በ7፣ በ9 እና በ0 ቦታም ሌሎቹ አሉ። ለእኔና ለአንተ ግን ኤ እና ኪው ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ዚ እና ደብልዩም እንዲሁ። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ለመጻፍ ሺፍት መያዝ ግድ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ በተለመደው፣ በቆየው የዊንዶውስ አዜርቲ ትልቋን ባለ ጭረት ኢ በቀጥታ የሚሰጥ ቁልፍ የለም። የኢትዮጵያን ስም ለመጻፍ ተመልሰህ አልት 0201 መምታት አለብህ። ካልለመድከው አትጀምረው።

እኔ የመረጥኩት፦ የካናዳ ፈረንሳይኛ

እኛ ጋ ስለዚህኛው ሲወራ ብዙም አልሰማሁም፤ ለኔ ግን የልቤን ያደረሰልኝ እሱ ነው። የኩቤክ ሰዎች ፈረንሳይኛ የሚጽፉት እኛ በለመድነው በእንግሊዝኛው የፊደል አቀማመጥ ላይ ነው። ፊደሎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ቁጥሮቹም ያለ ሺፍት ይወጣሉ። ባለ ጭረቷ ኢ በጥያቄ ምልክቱ ቁልፍ ላይ፣ ከቀኙ ሺፍት አጠገብ ተቀምጣለች። ሺፍት ይዘህ ስትመታው ትልቋ ትወጣለች። ኢትዮጵያ በሁለት ጣት ተጻፈች ማለት ነው።

ቁልቁል ጭረት ከፈለግህ በአፖስትሮፍ ቦታ ያለውን ቁልፍ ምታና ፊደሉን አስከትል። ለባርኔጣው ከፒ ቀጥሎ ያለው የማዕዘን ቅንፍ ቁልፍ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጅራቷን ይሰጥሃል፤ በሺፍት ደግሞ ሁለቱን ነጥብ። አፖስትሮፍ ራሱ በሺፍትና ኮማ ነው የሚወጣው። የተጣበቁት ኦና ኢ ግን እዚህም የሉም፤ ለነሱ 0156ን ያዝ።

ስትጨምረው እንዲህ አድርግ። የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ የሚለው ጋ ገብተህ የካናዳ ፈረንሳይኛን ጨምር። ኪቦርዶቹን ሲዘረዝር «ሌጋሲ» ወይም «መልቲሊንጓል» የሚል የሌለበትን ምረጥ። የድሮውን እንግሊዝኛ አትሰርዘው፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና እንግሊዝኛ በተራው የአሜሪካ ኪቦርድ ትጽፋለህ፤ ሁዻህን የሚነካው የለም። ፈረንሳይኛ ሲመጣ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘህ ስፔስ ስትመታ ኪቦርዱ ይቀየራል። የትኛው ላይ እንዳለህ ከታች በቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ ተጽፎ ታያለህ። እሱን የማየት ልማድ እስኪይዝህ አንድ ሳምንት ይወስዳል።

ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው ከሚወጣው ጋር ስለማይገጥም መጀመሪያ ግር ይላል። እኔ በነጭ ፕላስተር ትንንሽ ምልክት ለጥፌ ነው የለመድኩት። የድሬ ሙቀት ሙጫውን ቶሎ ያላቅቀዋል፤ እስኪላቀቅ ግን ጣቴ ለምዶት ነበር።

አልፎ አልፎ ብቻ ለምትጽፍ

በወር አንዴ አንዲት ፊደል የምትፈልግ ከሆነ ይህን ሁሉ መማር አያስፈልግህም። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 10 ስሪቶችና 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ነጥብን አብረህ ስትነካ የኢሞጂ ሳጥን ይከፈታል፤ በውስጡ የምልክቶች ክፍል አለ። የቆየ ኮምፒውተር ላይ «ካራክተር ማፕ» ብለህ ፈልግ። ቀርፋፋ ናቸው፤ ግን ያደርሳሉ። የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም የሆነው ፓወር ቶይስም ፊደሉን ይዘህ ስፔስ ስትነካ ባለ ጭረቶቹን የሚዘረዝር መሣሪያ አለው። ማክ ላይ ደግሞ ፊደሉን ተጭነህ ስትቆይ ዝርዝሩ ራሱ ብቅ ይላል። ስልክም ላይ እንደዚሁ ነው።

አማርኛውስ?

ይህን ክፍል ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ግን በየቀኑ የማየው ስህተት እዚህ ነው። አራት ነጥብ አንድ ፊደል ናት። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ( ፡ ) ሁለቴ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስላል። አንዳንዱ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ ይመታል። ወረቀት ላይ ሲታተም ይመሳሰላሉ። ኮምፒውተሩ ግን አራት ነጥብ አላየም። ሰነዱ ውስጥ ። ብለህ ስትፈልግ አያገኝልህም። አንዳንዴም መስመር መጨረሻ ላይ አንዷ ጥንድ ከላይ ቀርታ ሌላዋ ወደ ታች ትወርዳለች።

ለማጣራት ቀላል ነው። ጠቋሚውን ከአራት ነጥቡ ኋላ አስቀምጥና የግራ ቀስቷን አንዴ ንካ። በአንድ ዝላይ ካለፈው እውነተኛው ። ነው። መሐል ላይ ከቆመ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቷል።

ከምርጫዎቹ እኔ የምመክረው ኪማን የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። የአማርኛ ኪቦርዱን ጭነህ በድምፅ ትጽፋለህ፤ ኮለንን ሁለቴ ስትመታ ራሱ ወደ እውነተኛው ። ይቀይረዋል። ዊንዶውስ ራሱ የያዘው የአማርኛ ኪቦርድም አለ፤ ምንም መጫን ለማይፈቀድበት የቢሮ ኮምፒውተር ይጠቅማል። የድሮዎቹን፣ ፊደሉ በፎንት ብቻ የሚታይባቸውን የግዕዝ ፕሮግራሞች ግን ለአዲስ ሥራ አትጠቀም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደሎች ቁጥር ዝርዝር ውስጥ) ገብቷል። በድሮው መንገድ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። ባለጉዳይ በፍላሽ ይዞት ሲመጣ እንደ አዲስ ከመጻፍ ሌላ ብዙ ጊዜ አማራጭ የለኝም።

የአማርኛ ኪቦርድ ጨርሶ ከሌለህና ወርድ ካለህ ቁጥሩን ጽፈህ አልትንና ኤክስን አብረህ ንካ። 1362 አራት ነጥብ ይሆናል፤ 1363 ነጠላ ሰረዝ፤ 1364 ድርብ ሰረዝ። ከፊቱ ሌላ ቁጥር እንዳይጣበቅበት ተጠንቀቅ። በዚሁ መንገድ 1፣ 3፣ 5 ጽፈህ የእንግሊዝኛዋን ኤፍ ስታስከትል የማጥበቂያ ምልክት ታገኛለህ። በዓሉን ገና፟ እና «እስካሁን» የሚለውን ገና የሚለይ ምልክት ነው። ለማስተማሪያ ወረቀት ይጠቅማል።

ጭረቱን መተው ያለብህ ቦታ

ፓስፖርት ላይ ከታች ያሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ጭረት አይቀበሉም፤ ባለ ጭረቷ ኢ እዚያ ተራ ኢ ሆና ነው የምትጻፈው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጥ ስምህን እነዚያ መስመሮች ላይ እንዳለው ጻፈው። ኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ውስጥም አታስገባ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ መጻፍ ያቅትሃል።

ከዚህ ውጭ ግን ጭረቱ ይግባ። ሐረር ውስጥ ለፈረንሳይ ቱሪስቶች የተዘጋጀ የምግብ ዝርዝር ላሳትም ብሎ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ጨው ያለበት ምግብ ለማለት «ሳሌ» የሚለው ቃል ተጽፏል፤ ጭረቷ ግን የለችም። ያለ ጭረት «ሳል» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም «ቆሻሻ» ነው። ከማተሜ በፊት ስላየሁት ደስ አለኝ። «ጡረተኛ» እና «ጡረታ»ም በፈረንሳይኛ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ኢ ጭረት ነው። የባቡር ጡረተኞች ባሉባት ከተማ ይህችን ቃል ሳልጽፍ የማልፍበት ወር የለም።

የዚያችን እናት ደብዳቤ ያኔ የአልት ቁጥሮቹን ከወረቀት እያየሁ ነበር ያስተካከልኩት። የካናዳውን ገና አላውቀውም ነበር። አትሜ ስሰጣቸው የድሮውን የባቡር ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡና ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ፈረንሳይኛ አያነቡም። ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው በአዲሱ ወረቀት ላይ ያሉትን ጭረቶች ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ በድሮው ላይ ደግመው ቆጠሩ። «አሁን እሱ ነው» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ያዙ።